ምድጃው በድስታችሁ ልክ ነውን?

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። አባባሉ ስለ ወጡ ጣዕም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ከሰሉ ግን አይደለም። አንድ ዓይነት ሽሮ፣ በአንድ ዓይነት ድስት፣ በሁለት የተለያዩ ምድጃዎች ላይ ብትጥዱት ጣዕሙ አንድ ሆኖ ሳለ፣ አንደኛው ምድጃ የሚፈጀው ከሰል የሌላውን እጥፍ ሊሆን ይችላል። የወር ደመወዙን ለጤፍና ለዘይት፣ ለቤት ኪራይና ለልጆች ትምህርት ከፋፍሎ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ልዩነት የዋዛ አይደለም።

ውድ እናቶችና እህቶች፣ የሸክላ የከሰል ምድጃ ለመግዛት ወደ ገበያ ስትወጡ በመጀመሪያ የምትጠይቁት ምንድን ነው? አብዛኞቻችን ዋጋውን እንጠይቃለን። ቀጥሎ ጥንካሬውን በእጃችን እንፈትሻለን። የትኛው ድስት እንደሚጣድበትና ለስንት ሰው እንደሚሠራበት በቤቷ አስባ የምትወጣ ግን ጥቂት ናት። እኔም ከማያስቡት አንዷ ነበርሁ። ያስተማረችኝ መርጡለ ማርያም ናት።

መርጡለ ማርያም በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና በስተሰሜን፣ ከሞጣ በስተደቡብ ምሥራቅ የምትገኝ የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ብዙዎቻችሁ ስሟን የምታውቁት ንግሥት እሌኒ ባሠራችው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያንና ከዚያ በተረፉት የተቀረጹ ድንጋዮች ይሆናል። እኔ ግን ስሟ በተነሣ ቁጥር ትዝ የሚለኝ አንድ ትልቅ የሸክላ ምድጃ ነው።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት ለሥራ ጉዳይ ወደዚያው ሄጄ፣ በአንዲት መምህርት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ሦስት ሳምንት ያህል ተቀምጬ ነበር። የቤቱ እመቤት የአራት ልጆች እናት ናቸው። «እትዬ» እላቸው ነበር። ለፋሲካ የገዙት አንድ ምድጃ ነበራቸው፤ አፉ ሰፊ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ሁለት ሰው ካልያዘው ከቦታው የማይነቃነቅ። «ምድጃ ከገዙ አይቀር እንዲህ ያለ ነው» እያሉ ይኮሩበት ነበር። በእርግጥም የዶሮ ወጡን ትልቅ ድስት ተሸክሞ አይንገዳገድም። ችግሩ ዶሮ ወጥ በየቀኑ አለመሠራቱ ነው። ማለዳ ለልጆቹ ሻይ፣ ቀትር ላይ በመለስተኛ ድስት ሽሮ ወይም ምስር፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቡና፤ ይህ ሁሉ የሚሠራው በዚያው ግዙፍ ምድጃ ላይ ነበር። ጀበናዋ በምድጃው አፍ መካከል ስትቀመጥ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ብቻዋን የተቀመጠች እንግዳ ትመስል ነበር። ሙቀቱ በዙሪያዋ እያለፈ ወደ ጣራው ይወጣል።

አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ተጠጥቶ ካለቀ በኋላም ፍሙ ገና ከነጉልበቱ ነው። ቆጣቢ ሴት ደግሞ እንዲህ ያለ ፍም በከንቱ ሲከስም ማየት አይሆንላትም። አንድ ቀን ዝናቡ ሲወርድ ውሎ አመሸ፤ ብርዱም በረታ። እኔው ራሴ «ፍሙ ከሚባክን ክፍሌን ያሙቅልኝ» ብዬ በምጣድ ስባሪ አፍሼ ወደ መኝታ ክፍሌ አስገባሁት። መስኮቱን ዘጋሁ። ነፋስ እንዳይገባ በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት ሳይቀር በጨርቅ ወተፍሁት። ጢስ የለው፣ ሽታ የለው፤ ምን ያሠጋል?

ሌሊት የቀሰቀሰኝ ራሴን ለሁለት የሚሰነጥቅ ሕመም ነበር። ያቅለሸልሸኛል። ልነሣ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። በሩን መክፈት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ እጅና እግሬ ግን አልታዘዝ አለኝ። እንደ ምንም ተንፏቅቄ ደርሼ በሩን በክርኔ ስመታው እትዬ ሰምተው መጡ። መቀርቀሪያውን ከውስጥ ለመሳብ የፈጀብኝን ጊዜ ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል። ጎትተው በረንዳ ላይ አወጡኝ። እስኪነጋ ድረስ በጋቢ ተጠቅልዬ ዝናቡን እያየሁ ተቀመጥሁ፤ ሲነጋም ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ወደ ሳንባ ከገባ በኋላ በደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ቀድሞ ይይዛል፤ ሰውነታችን እየተነፈሰ ሳለ አየር ይራባል። የተኛ ሰው ሕመሙን እንኳ ሳይሰማው ሊሞት ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴትና ጨቅላ ሕፃን ከሌላው ይበልጥ ይጎዳሉ። «ነጭ አመድ የለበሰ ፍም ጉዳት የለውም» የሚለው የቆየ እምነት ስሕተት ነው። በአመድ የተዳፈነ ፍምም ቢሆን ጋዙን ማውጣቱን አይተውም። በዚህ የተጠቃ ሰው ሲገኝ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ወደ ሕክምና መውሰድ እንጂ፣ ሎሚ ማስሸተት ጊዜ ከማባከን በቀር የሚፈይደው የለም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ከርእሴ ወጥቼ አይደለም። የዚያን ሌሊት አደጋ ወደ ኋላ ተከትላችሁ ብትሄዱ የምትደርሱት ምድጃው ዘንድ ነው። ምድጃው ከሥራው በላይ ትልቅ ስለ ነበር ከሚበቃው በላይ ከሰል ተጨመረበት፤ ከሰሉ ስለ በዛ ፍም ተረፈ፤ የተረፈው ፍም ስላሳዘነኝ መኝታ ቤት ገባ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከእትዬ ጋር ወደ ሸክላ ተራ ወረድን። አንዲት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሸክላ ሠሪ ምንቸቱን፣ ጀበናውን፣ ምጣዱን ገለባ ላይ ደርድረው ተቀምጠዋል። (በአገራችን የሸክላ ሙያ ያላቸው ሴቶች ስንት ዓይነት የስድብ ስም ሲሰጣቸው እንደኖረ የምታውቁት ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ሁሉ ወጡን የሚበላው እነርሱ በሠሩት ምንቸት ነበር።) ምድጃ እንደምንፈልግ ስንነግራቸው ዋጋ ከመጥራታቸው በፊት፣ «ስንት ራስ ናችሁ? ዘወትር የምትጥዱትስ የትኛውን ድስት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። እትዬ በሁለት እጃቸው አየር ላይ ክብ ሠርተው አሳዩአቸው። ሴትዮዋ ሳቁ። «እጅ ይዋሻል እቴ! የድስትሽን መቀመጫ በክር ለክተሽ ነይ» አሏቸው።

ቤታችን ተመልሰን ለካን። የመለስተኛው ድስት መቀመጫ ከአንድ ስንዝር እምብዛም አይበልጥም ነበር። የትልቁ ምድጃ አፍ ግን በዚያው ክር ሲለካ ወደ ሁለት ስንዝር ሊጠጋ ምንም አልቀረው። እኔ በበኩሌ በዓይኔ ሳየው ይህን ያህል ልዩነት ይኖራል ብዬ አልገመትሁም ነበር።

እትዬ በክሩ ልክ አንድ መካከለኛ፣ ለጀበና ደግሞ አንዲት ትንሽ ምድጃ ገዙ። ከዚያ በኋላ ነገሩን በባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ እየሰፈርን ሞከርነው። በትልቁ ምድጃ አንድ ጀበና ቡና ለማፍላት ከሁለት ጣሳ በላይ ከሰል ስንጨምር ኖረናል፤ በትንሿ አንድ ጣሳ ሳይሞላ ቡናው እስከ በረካ ደረሰ። ሦስተኛው ስኒ ሲቀዳ ፍሙም አብሮ ሊከስም ነበር። ለመኝታ ቤት የሚተርፍ ነገር የለም።

የሸክላ ጥቅሙ ሙቀት መያዙ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የቆርቆሮ ምድጃ ሙቀቱን በጎኑ ወደ ውጭ ይረጨዋል፤ አጠገቡ የተቀመጠች ሴት እግሯ የሚቃጠለው በዚሁ ምክንያት ነው። ሸክላ ግን ሙቀቱን ወደ ውስጥ አምቆ ለድስቱ ይመልሰዋል። ይሁን እንጂ ልብ የማንለው ሌላ ነገር አለ። ሸክላው ራሱ እስኪግል ድረስ ከፍሙ ሙቀት ይወስዳል። ግድግዳው በወፈረና በሰፋ መጠን የሚወስደውም ይበዛል። ለሦስት ሰዓት ባቄላ ለምትቀቅል ሴት ይህ ኪሳራ አይደለም፤ ግድግዳው አንዴ ከጋለ በኋላ ብድሩን ይመልሳል። ለአንድ ጀበና ቡና ግን ምድጃው ገና ሞቆ ሳይጨርስ ሥራው ያልቃል፤ ከሰሉም ሸክላ ለማሞቅ ብቻ ነደደ ማለት ነው።

ስለዚህ ክራችሁን ይዛችሁ ገበያ ስትወጡ እንዲህ አድርጉ። የምድጃው አፍ ከዘወትር ድስታችሁ መቀመጫ ጋር እኩል ወይም በጥቂቱ ጠበብ ያለ ይሁን። አፉ ከድስቱ ከሰፋ ሙቀቱ በጎን ያመልጣል። ድስቱ ከአፉ እጅግ ከሰፋ ደግሞ መሐሉ እያረረ ዳር ዳሩ ጥሬ ይቀራል፤ ምድጃውም ሊገለበጥ ይችላል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ከሁሉ የከፋ ነው። ድስቱ የሚያርፍባቸው ሦስት እግሮች ከአፉ ጠርዝ አንድ ጣት ያህል ከፍ ይበሉ፤ እሳቱ መተንፈሻ ይፈልጋልና። ድስቱ ጠርዙ ላይ ጥብቅ ብሎ ከተቀመጠ እሳቱ ይታፈናል፤ የታፈነ እሳት ምን እንደሚያወጣ ከላይ ነግሬአችኋለሁ።

ጥልቀቱንም አትርሱ። ብዙ ሰው ስፋቱን ብቻ ነው የሚያየው። የፍም ማስቀመጫው ጥልቅ ከሆነ፣ ፍሙ ድስቱን እስኪጠጋ ድረስ ሳትወዱ ከሰል ስትጨምሩ ትኖራላችሁ። ከሰሉ ተጨምሮ ከፍሙ ጫፍ እስከ ድስቱ መቀመጫ ሁለት ጣት ያህል ቢቀር መልካም ነው።

ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ለሚኖሩ ባልና ሚስት፣ ወይም ብቻዋን ለምትኖር ሠራተኛ፣ ትንሹ ምድጃ ለጀበናውም ለድስቱም ይበቃል። ከአራት እስከ ስድስት ለሆነ ቤተሰብ አፉ አንድ ስንዝር ገደማ የሆነው መካከለኛው ይሻላል። ከዚያ በላይ ለሆነስ? በእኔ አስተያየት ከአንድ ትልቅ ይልቅ አንድ መካከለኛና አንድ ትንሽ ይበጃሉ። ለዓመት በዓል የሽንኩርቱና የዶሮው ድስት በመካከለኛው ላይ ካልተቻለ፣ ትልቅ ምድጃ ካለው ጎረቤት መዋስ ነው። በዓመት ለሦስትና ለአራት ቀን ብለን ቀሪውን ዓመት ሙሉ ከሰል የምንገብርበት ምክንያት አይታየኝም። «ትልቅ ምድጃ ለሴት ልጅ ማዕረግ ነው» የሚሉ እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና ማዕረጉ ውድ ነው።

ደጋ ላይ ለምንኖር ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ቦታው ከፍ ባለ መጠን ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ነገር ግን የሚፈላው በአነስተኛ ሙቀት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይሆን 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሽምብራና ባቄላ አልበስል እያለ የሚያስቸግረው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እሳት ብታበዙበት ውሃው ይበልጥ ይንፈቀፈቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለሆነም ከፈላ በኋላ የምድጃውን የአየር በር ገርበብ አድርጋችሁ፣ ድስቱን ከድናችሁ፣ በዝግታ ማብሰል ነው። እህሉን ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። የአየር በሩ በደንብ የማይገጥም ምድጃ ይህን ለማድረግ አይመችምና፣ ስትገዙ በሩን ከፍታችሁ ዘግታችሁ እዩት።

ጥራቱን ለማወቅ ሸክላውን በጣት አንጓ ኳ ኳ አድርጉት። በሚገባ የተተኮሰ ሸክላ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የታፈነ ድምፅ ከሰማችሁ ወይ በቅጡ አልተተኮሰም፣ ወይም የማይታይ ስንጥቅ አለበት። ፍሙ የሚቀመጥበትን ክፍል ከሥሩ ተመልከቱ፤ ቀዳዳዎቹ ያልተደፈኑና የተመጣጠኑ መሆን አለባቸው። አዲሱን ምድጃ በመጀመሪያው ቀን በጥቂት ከሰል ብቻ በቀስታ አሙቁት። ሲሰነጠቅ «ሸክላ ሠሪዋ አታለለችኝ» እንላለን እንጂ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰነጥቀው የጋለ ሸክላ ላይ ውሃ የምናፈስሰው እኛው ነን።

በገበያ ላይ «ላቀች» የሚባለውን ምድጃ ሳታውቁት አትቀሩም። ውጩ ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሸክላ ነው። ታሪኩ ደስ ይላል። በኬንያ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ የታይላንድን የባልዲ ምድጃ መነሻ በማድረግ ውስጡ ሸክላ የሆነ የከሰል ምድጃ ተሠራ። እርሱን መሠረት አድርገው የእኛ አገር ባለሙያዎች በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለት ነው፣ ለኢትዮጵያ ቤት እንዲስማማ ያዘጋጁት ላቀች ነው። ከቀድሞው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲነጻጸር እስከ 25 በመቶ የሚደርስ ከሰል ይቆጥባል ይባላል። ይህ ግን የሚሆነው ድስቱና ምድጃው ልክ ለልክ ሲሆኑ መሆኑን አንዘንጋ። ለእንጀራ ደግሞ የከሰል ምድጃ አይታሰብም፤ ኤሌክትሪክ በሌለበት ቤት ከሲሚንቶና ከቀይ አሸዋ መሰል ቀላል ድንጋይ የሚሠራው «ምርጥ» ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ያድናል።

ከሰሉም የራሱ ጠባይ አለው። ከጠንካራ እንጨት የተከሰለው ከበድ ይላል፤ ለመያያዝ ቢዘገይም ይቆያል። ከለስላሳ እንጨት የተከሰለው ቶሎ ተያይዞ ቶሎ ያልቃል። ለትንሽ ምድጃ በእንቁላል መጠን የተሰበረ ከሰል ይስማማዋል፤ ድቃቂው ቀዳዳውን ይደፍነዋልና ለይታችሁ አስቀምጡት። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች «ዲከረንስ» የሚሉትን ዛፍ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር አብረው ዘርተውና ተክለው፣ በአራትና በአምስት ዓመቱ ቆርጠው ያከስሉታል፤ መሬቱም ተመልሶ ይተከላል። ከየጫካው ተጨፍጭፎ ከሚመጣው ይልቅ እንዲህ ያለው ይመረጣል። በባህላዊው የአፈር አከሳሰል አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከስድስት እስከ አሥር ኪሎ እንጨት እንደሚፈጅ ስታስቡ፣ በጣሳ የምንቆጥባት ከሰል ከዛፉ ዘንድ ስንት እንደምትሆን ይገባችኋል።

ኤሌክትሪክ ምድጃ ኖሯችሁ ከሰሉን መብራት ሲጠፋና ለቡና ብቻ የምትጠቀሙ የከተማ እናቶች፣ ለእናንተ ትንሿ ብቻ ትበቃችኋለች። የምትያያዘው ግን ደጅ ነው፤ ወደ ቤት የምትገባውም በርና መስኮት ተከፍቶ። ቡናው ሲያልቅ ፍም ከተረፈ በመቆንጠጫ አንሥታችሁ ክዳኑ ግጥም በሚል ጣሳ ውስጥ ክተቱትና ደጅ አስቀምጡት፤ አየር አጥቶ ይጠፋል፤ ነገ ደግሞ ለመያያዝ አያስቸግርም።

የእትዬን ትልቅ ምድጃ ለጠየቃችሁኝ፣ አልተጣለም። በዓል በደረሰ ቁጥር ከጎረቤት ጎረቤት በሁለት ሰው እየተሸከመ ይዞራል። እኔም ከዚያ ወዲህ አንድ ክር በቦርሳዬ ውስጥ አለች። ስትለኩ ታዲያ የድስቱን አፍ እንዳትለኩ፤ የሚለካው መቀመጫው ነው።